ከአዛዝኤል የተማርነው

ጋራዤ ውስጥ ብረት ሳግል መብራቱን አጠፋለሁ። መስኮቷንም በካርቶን ደፍኛታለሁ። አንድ ማታ የጎረቤቴ ልጅ በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ፣ እሳቱ ከታች ፊቴን ሲያበራው ቢያየኝ ጊዜ እግሬ አውጪኝ አለ። አልፈረድኩበትም። እኔም በ1980 ዓ.ም.፣ ደምቢያ ውስጥ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እንደዚሁ አጮልቄ እንደዚሁ ፈርጥጫለሁ።

የጨለማውን ምክንያት የነገሩኝ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ እኔም በምኖርበት በሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ ከተማ አጠገብ ይኖራሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከቤታቸው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ካራ ይሠራሉ። የተዋወቅነው ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ከደረደሯቸው ቢላዎች አንዱን አንሥቼ መመለስ ሲያቅተኝ አይተው ዋጋውን አልነገሩኝም። "ማክሰኞ ና" ነው ያሉኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ለአራት ዓመት ማክሰኞዬን ለማንም አልሰጠሁም።

የመጀመሪያው ማክሰኞ መዶሻ አላስነኩኝም። መብራቱን አጠፉና "ተመልከት" አሉኝ። እሳቱ ውስጥ የነበረው ብረት መጀመሪያ የደረቀ ደም መሰለ፤ ቀጥሎ የበሰለ እንጆሪ፤ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ። ማግኔት አስጠጉበት፤ ሳበው። ጥቂት ቆይተው ደገሙ፤ ተወው። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ቢላ ዘይት ውስጥ የሚነከርበት ሙቀት ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ የሚያነቡት በዓይናቸው ነው። ፀሐይ ላይ ግን ያ ቀለም ያታልላል፤ ብርቱካኑ ቀይ፣ ቀዩ ጥቁር ይመስላል፤ ሠሪው ገና ነው እያለ ብረቱን ያቃጥለዋል። ለዚህ ነው ብረት ቀጥቃጭ ጥላ የሚወደው፣ የትም አገር ይሁን።

"ለካ!" አልኩ። በአማርኛ ነው ያመለጠኝ። ሽማግሌው ምን አልክ ብለው አልጠየቁኝም።

እኛ መንደር ቀጥቃጩ የሚኖረው ከወንዝ ማዶ ነበር። ቤተ እስራኤል ነው፤ እኛ ግን በዚያ ስም አንጠራውም። ፈላሻ እንለዋለን፣ ጠይብ እንለዋለን፣ ሲመሽ ደግሞ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ቡዳ እንለዋለን። ጎጆው በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጨለማ ነው። ዓይኑ ቀይ ነው። ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል፤ አያቴ የተገደለ ጅብ ጆሮው ላይ ጉትቻ የተገኘበትን ታሪክ ራሷ እንዳየችው አድርጋ ነበር የምታወራው። ቅዳሜ ቅዳሜ የመዶሻው ድምፅ አይሰማም፤ እሳት አያነድም። እኛ ልጆች ቀኑን የምንለየው በዚያ ዝምታ ነበር። መራራቁ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ እነሱም እኛን ሲነኩ ውሃ ወርደው ይታጠቡ ነበርና "አትንኩኝ" የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር።

(አራት ዓመት እሳት ካየሁ በኋላ የእኔም ዓይን ቀልቷል። ባለቤቴ ጠብታ ገዝታልኛለች።)

አንድ ቀን አባባ ማረሻው ዶልዱሞበት ሊያሠራ ሲሄድ ተከተልኩት። ማረሻውን እጅ ለእጅ አልሰጠውም፤ መሬት ላይ አስቀመጠለት፣ ሰውዬው ከመሬት አነሣው። ዋጋው ለመኸር የሚሰፈር እህል ነው። አባባ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ እኔ ዞሬ ስንጥቅ ፈለግሁ። ሰውዬው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ የተቀበረ ድንጋይ ላይ ብረት ቆሟል፤ መስፉ ያ ነው። አጠገቡ የእኔ እኩያ የሆነ ልጅ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ በሁለት እጁ ይነፋል፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይሞላል፣ ነፋሱ አይቋረጥም። መዶሻው ሁለቴ ብረቱን ይመታና አንዴ መስፉን ነካ ያደርጋል። ሁለቴ ጠንከር፣ አንዴ ነካ። ሽማግሌውም ልክ እንደዚያ ያደርጋሉ። ያቺ ባዶዋ ምት ለምንድን ናት ብዬ ስጠይቃቸው "እጄ ሲያስብ ነው" አሉኝ።

ልጁ በስንጥቁ ውስጥ ዓይኔን አየው። ሳቀ። ያኔ ነው የሮጥኩት።

ስመለስ ሰው ማሳ ገብቼ እሸት ሽምብራ በላሁ፤ ልጅ የሚበላውን ያህል ሳይሆን በሬ የሚበላውን ያህል። ማታ ሆዴን ቆረጠኝ፣ አስመለሰኝ፣ በላብ ተጠመቅሁ። ሥር አጨሱኝ፤ ጤና አዳም አሸተቱኝ። ከዚያ ያ የታወቀው ጥያቄ መጣ፦ "ማነው የበላህ?"

ሽምብራ ብል ዱላ አለ። "እሱ ነው" አልኩ።

"ማን?"

"ማዶ ያለው።"

አባባና ሁለት አጎቶቼ በሌሊት ሄደው አመጡት። ጋቢውን እንኳ አላስደረቡትም። እትፍ በልበት አሉት፤ የበላው ራሱ እትፍ ካላለበት አይለቅም ይባላልና። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ አላገኘሁም። እሳት ውስጥ ያለ ብረት ሲያይ እንደሚያየው ነበር ያየኝ፤ በስሏል ወይስ ገና ነው እንደሚል። እትፍ አለ፤ ወጣ። ጠዋት ድኜ አደርኩ። ሽምብራ ነዋ፣ ይወጣል። መንደሩ ግን ማስረጃውን አገኘ።

በ1982 ዓ.ም. ሰውዬው ቤተሰቡን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በግንቦት 1983 ዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ወደ እስራኤል ሲያጓጉዝ እሱም ከነልጆቹ አብሮ ሄደ አሉ። እሱ ከመንደራችን ከሄደ በኋላ በመጣው ክረምት ማረሻው የዶለዶመበት ገበሬ ሁሉ ብረቱን ተሸክሞ ገበያ ለገበያ ተንከራተተ። ሆድ ቁርጠቱም አልቀረም፤ የሚከሰስበት ሰው ግን አጠገብ አልነበረም።

እኔ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ድቁና ተቀበልኩ፣ ቅኔ ቤትም ጥቂት ቆየሁ። መጽሐፈ ሄኖክን ያገኘሁት ያኔ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ተርፎ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ ሌላው ዓለም ቁርጥራጩን ይዞ ሲቀር እኛ ከነነፍሱ አኖርነው። ምዕራፍ 8 ላይ፣ ከሰማይ የወረደው አዛዝኤል ሰዎችን ጎራዴና ቢላ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራት እንዳስተማራቸው ተጽፏል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ደግሞ የናስና የብረት ሥራን ከቱባልቃይን ጋር ያያይዘዋል፤ ቱባልቃይን የቃየን ዘር ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ሳነበው እፎይ አልኩ። እንኳንም "እሱ ነው" አልኩ፤ መጽሐፍም እሱ ነው ይላል!

ያን እፎይታ ሃያ አምስት ዓመት ኖርኩበት። ያፈረሰብኝ ራሱ ሄኖክ ነው። ሽማግሌው ዘንድ መማር በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ አዛዝኤልን ልጋፈጠው ብዬ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረድኩት። ወጣት ሳለሁ ግማሹን አንብቤ የከደንኩት ያ ዓረፍተ ነገር ወዲያ ይቀጥላል። አዛዝኤል ከቢላው ጋር አምባርና ጌጥ አስተምሯል፣ የከበረ ድንጋይ አስተምሯል፣ ቀለም መንከር አስተምሯል፣ ኩል መኳልም አስተምሯል። እናቴ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ትኳላለች። እናቴን ቡዳ ያላት ሰው አላውቅም። ከዚህ ሁሉ ትምህርት መርጠን ለአንዱ ብቻ፣ ላቡን ጠብ አድርጎ ማረሻ ለሚያቀርብልን ሰው ብቻ፣ እርግማኑን አሸከምነው።

ምዕራፍ 69 ይብሳል። እዚያ ከወደቁት መላእክት ሌላው ለሰው ልጅ በቀለምና በክርታስ መጻፍን እንዳስተማረ፣ ብዙዎችም በዚያ እንደተሳሳቱ ይነገራል። ሰው የተፈጠረው ሃይማኖቱን በብዕር እንዲያጸና አልነበረም የሚል ሐሳብ ነው ያለው። ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ብዕርና ካራ የአንድ ትምህርት ቤት ምሩቃን ናቸው እንግዲህ። ደብተራውንም እኮ እንፈራዋለን፤ ግን እሱን ስንፈራ ወንበር እየሳብንለት ነው።

ቋንቋችንም ይመሰክርብናል። ጠይብ የሚለው ስድብ የወጣው ጠቢብ ከሚለው ቃል ነው። ባለ እጅ የሚለውም ስድብ ነው፤ ትርጉሙ ግን እጅ ያለው ማለት ነው፤ እኛ የሌለን ይመስል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው ንጉሡን እንደሰደበ እንደሚቆጠር አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ ሰማንያ ዓመት ቢያልፈውም የእኛን ወንዝ አልተሻገረም ነበር።

ከሁሉ የሚከነክነኝ የስም ነገር ነው። ጌታ የተቸነከረባቸውን አምስት ችንካሮች ስም በልጅነቴ በቃሌ አጥንቻለሁ፦ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አልሳሳትም። ለምስማር ስም ያወጣች ቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ አባቴ የሚያርስበትን ማረሻ የሠራውን ሰው ስም አላውቅም ነበር። ጋፋትም እንዲሁ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ካቀለጡት መካከል የአውሮፓውያኑ የእነ ዋልድማየር ስም በየመጽሐፉ አለ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ እስኪደርስ ማን እንደጎተተው፣ እሳቱን ማን እንዳነደደው፣ ወናፉን ማን እንደነፋው ግን ስም የለም። የአገሬው ባለ እጅ እዚያ አልነበረም ብሎ የሚያምን ካለ፣ አንድ ማክሰኞ እኔ ጋ መጥቶ ለአንድ ሰዓት እሳት ይጠብቅልኝ።

መጽሐፈ ሲራክን ብናነብ ይሻለን ነበር። ምዕራፍ 38 ላይ ጸሐፊው ቀጥቃጩ ደጃፍ ቆሞ ያየውን የሚጽፍ ይመስላል። የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን እንደሚያቀልጠው፣ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን እንደሚያደነቁረው፣ ዓይኑ ከሚሠራው ዕቃ እንደማይነቀል ይናገራል። እንዲህ ያሉት ሰዎች ለዳኝነት ወንበር እንደማይጠሩም አይደብቅም። ከተማ ግን ያለ እነሱ እንደማይቆም፣ ጸሎታቸውም የእጃቸው ሥራ እንደሆነ ይጨምራል። ቅዳሴ ሲያመልጠኝ ይህችን ለራሴ እየጠቀስኩ እንደምጽናና ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። አልወደዱልኝም።

አሁን ደግሞ ከሽማግሌው ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። እሳቸውና ጓደኞቻቸው "ብረት ኃጢአት የለውም" ይላሉ። እዚህ አገር ይህ አባባል ሳይታሰብ ከአፍ ይወጣል፤ ሙያውም የተከበረ ነው። ቢል ሞራን የሚባለው ስመ ጥር ካራ ሠሪ የኖረው እኛው አጠገብ ሚድልታውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ብረት በብረት ላይ እያጣጠፈ ቀጥቅጦ የውሃ ሞገድ የመሰለ መስመር ያለበት ቢላ ለባልደረቦቹ አሳየ፤ ዘዴውንም ለራሱ አላስቀረም፣ አስተማረ። በ1976 ከሌሎች ጋር ሆኖ የካራ ሠሪዎች ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ ፈተና ደስ ይላል፤ ፈታኙ ዲግሪህን አያይም። የሠራኸው ቢላ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፤ ጣውላ ይከትፋል፤ ከዚያ ስለቱ ሳይታደስ የክንድ ፀጉር ይላጫል፤ በመጨረሻ ሞርሳ ላይ ታስሮ 90 ዲግሪ ይጎብጣል፤ ከተሰበረ ወድቀሃል። ዘር አይጠየቅም። እኛ አገር ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ነበር የሚሄደው፤ ውጭ ያለ ሰው አይማረውም፣ ውስጥ ያለ ሰውም አይወጣበትም። ልዩነቱን ሳስብ ሁሌም ያመኛል።

ቢሆንም ብረት ኃጢአት የለውም የሚለው ነገር አይዋጥልኝም። ነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 54 ላይ እግዚአብሔር ፍሙን የሚያናፋውን ብረት ሠሪ እኔ ፈጠርኩት ይላል፤ እዚያው ላይ አጥፊውንም ፈጠርኩ ይላል። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንድ አይደሉም። ግን ጎን ለጎን ነው ያቆማቸው፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን አላየሁም ማለት አይችልም። የእኛ መንደር ጥፋት ሠሪውን መጠየቁ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ብረቱን በእጁ ይዞ የሚዞረው ባለ ጎራዴ፣ ባለ ሳንጃ፣ የሰው ወሰን የሚገፋበት ባለ ማረሻ ሁሉ ከጥያቄው ወጥቶ፣ ጥያቄው ወንዝ ማዶ ባለው በአንድ ሰው ጎጆ ላይ ብቻ መውደቁ ነው። እሱ ሲሄድ ጥያቄውን ይዞት የሄደ መስሎን ነበር።

ስለዚህ ደብተር አለኝ። ለእያንዳንዱ ቢላ ቁጥር፣ ከምን ብረት እንደተሠራ፣ ለማን እንደሄደ እጽፋለሁ። እስካሁን ሃያ ሦስት ናቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ ሲያዩት ሳቁብኝ፤ "ቢላ ነው የምትሠራው ወይስ ክርስትና ነው የምታነሣው?" አሉኝ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን፣ እጀታ እየሞረድን ሳለ፣ ቀና ሳይሉ "አንዲት ካራዬን በጋዜጣ አይቻታለሁ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። በሁለት ወገን የተሳለ ነገር ለምን እንደማይሠሩ ግን ያን ቀን ገባኝ።

ስለ ጋራዤ ልንገራችሁ፤ በእሷ መኩራቴን መደበቅ አልችልም። ምድጃው ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ነው፤ ውስጡ የቀረ ጋዝ እንዳይፈነዳ ከመቁረጤ በፊት ውሃ ሞላሁበት። ውስጡን እሳት በሚችል ጥጥ መሳይ ነገር ደርቤ፣ ላዩን እሳት በሚችል ሲሚንቶ ለስኜዋለሁ። ከሰልና ወናፍ ነበር ያማረኝ፤ ጎረቤት አለ፣ ጢስ አለ፣ ተውኩት። የጋራዡ በር ግን በክረምትም ክፍት ነው፤ የተቃጠለ ጋዝ ሽታ የሌለው መርዝ ነውና። የመጀመሪያው መስፌ አንድ ክንድ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነበር፤ ግንድ ላይ ቸንክሬው ሁለት ዓመት ሠራሁበት። ብረቱ የአሮጌ ጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ውስጡ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን አለው፤ ያ ነው አረብ ብረት የሚያደርገው፤ ሲግል ይታዘዛል፣ በሞቀ ዘይት ሲነከር ይጠነክራል።

የመጀመሪያዋን ቢላ በዘይት ፈንታ ውሃ ውስጥ ነከርኳት። ችኮላ ነው፤ ወይም የልጅነት ትዝታ። "ጢን" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ትንሽ ድምፅ ናት፣ የጠጅ ብርሌ ጠርዝ በጥፍር እንደመምታት። ስለቷ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ወጣ። ሽማግሌው አይተው አልተናደዱም፤ ግድግዳዬ ላይ እንድሰቅላት ነገሩኝ። ዛሬም እዚያው ናት። ከዘይት የወጣ ቢላ ደግሞ ገና ቢላ አይደለም፤ እንደ ብርጭቆ ነው፣ ከእጅ ቢወድቅ ይሰበራል። ሞረድ ስትጎትትበት አይነክሰውም፤ ይንሸራተታል። እልሁ እንዲበርድ ወጥ ቤት ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ሁለት ሰዓት፣ ቀዝቅዞ ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ሲወጣ የገለባ ቀለም ይዟል። ባለቤቴ ድፎው ዘይት ዘይት ይላል ብላ ለብቻዬ ትንሽ ምድጃ እስክገዛ ድረስ አኩርፋኛለች።

አምና ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ስትወልድ እናቴ ልታርሳት መጣች። ሻንጣዋ በርበሬና ሽሮ ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ አክርማዋንና ወስፌዋን ጠቅልላ አምጥታለች፤ እጅዋ ካልሰፋ አያርፍም። ልጅቷ ከሆስፒታል በመጣች ቀን "ብረት ስጠኝ" አለችኝ። ከአራስ ልጅ ራስጌ ብረት መቀመጥ አለበት፤ ክፉ እንዳይቀርባት፣ ቡዳም እንዳያያት። የሠራኋትን አንዷን ቢላ ከነሰገባዋ ሰጠኋት። መዘዝ አድርጋ አየቻት፤ በአውራ ጣቷ ስለቷን ቃኘች።

"ምን ታምር! የየት አገር ናት?"

"የዚሁ።"

"ማን ሠራት?"

"እኔ ነኝ እማዬ።"

እጄ ላይ አልመለሰቻትም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ከወጥ ቤት መቀስ አምጥታ ትራሱ ሥር ከተተች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት እሷም ስለ ቢላዋ አላነሣችም፤ እኔም ጋራዥ አልገባሁም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። እሳት አንድጄ ነበር።

"ለምን ጨለማ አደረግኸው?"

"ቀለሙ እንዲታይ። ነይ እዪው።"

ቀረበች። ባሌስትራው ከእንጆሪ ወደ ብርቱካን ሲሻገር አብረን አየን። መብራት በራ ቢሆን ኖሮ የምናገር አይመስለኝም። "እማዬ" አልኳት፣ "ያን ጊዜ ሆዴን የቆረጠኝ እሸት ሽምብራ በልቼ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ያስመለስከውን የጠረግሁት እኔ አይደለሁም?"

ጋዙ እሽሽ ይላል። ዝም ማለቷን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። አባትህና አጎቶችህ ከአፌ ቃል ሳይወጣ ወንዙን ተሻግረው ነበር አለችኝ። በማግስቱስ አልኳት። "በማግስቱማ ድነህ ነበር" አለች፣ ዓይኗን ከእሳቱ ሳትነቅል፤ "ሰዉም ደስ ብሎት ነበር።"

ወጥታ ሄደች። ሄዳ ቀረች ብዬ ብረቱን ሳወጣ ወስፌዋን ይዛ ተመለሰች። የስንዝር ግማሽ የምታህል ናት፤ የቀንድ እጀታዋ ከመዳፍ ብዛት ማር መስሏል። ይህችን ወስፌ በልጅነቴ በየቀኑ አይቻታለሁ፤ ማን ሠራት ብዬ ጠይቄ ግን አላውቅም።

"እሱ ነው የሠራልኝ" አለችና ስሙን ጠራችው። ሙሉ ስሙን፣ ከነአባቱ። ከሰላሳ አምስት ዓመት በኋላ ሳትደናቀፍ። እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆቹ አሉ።

"ዋጋዋ አንድ ቁና ጤፍ ነበር። ለመኸር ቀጠርኩት። መኸር ሳይደርስ ሄደ።"

ወስፌዋን እጄ ላይ አኖረቻት። "ዶልዱማለች፤ አሹልልኝ።"

ጋዙን ዘጋሁ። እሳት ከነካት እሱ ያጠነከራት ጥንካሬ ይጠፋል፤ የእኔ ሥራ ትሆናለች። መብራቱን አብርቼ የመሳያውን ድንጋይ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ እናቴ የጋራዡ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፣ እኔም ጫፏን ቀስ እያልኩ መሳል ጀመርኩ።